የጁባ ውሃና የቤት መድኃኒት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጁባ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በጓዙ ውስጥ የሚይዘው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በርበሬና ሽሮ፣ የተፈጨ ቡና፣ ጥቂት ድርቆሽ ይይዛል። ከእነዚህ ሥር፣ በጨርቅ ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ፣ እናት ወይም አክስት ያስያዙት ሌላ ነገር ይገኛል። ይኸውም የጤና አዳም ፍሬ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድና የደረቀ ዝንጅብል ነው። ቋጠሮውን የሰጡት እናት ስለሚሄድበት አገር የሚያውቁት ነገር ቢኖር ሙቀቱንና ርቀቱን ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው ከለመደው ውሃ ሲለይ አስቀድሞ የሚታወከው ሆዱ መሆኑን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። በዚህም አልተሳሳቱም።

እኔም በጁባ የአንድ ኢትዮጵያዊት ምግብ ቤት ሒሳብ ያዥ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ቋጠሮ ነበረኝ። በቋጠሮው ውስጥ ስላለው ነገር፣ ይልቁንም በቋጠሮው ውስጥ ስለሌለው ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚያ ከተማ ያየሁት የሆድ ሕመም ነው።

ጁባ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ስትሆን የተቆረቆረችው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ወንዙ በዚያ አካባቢ ባሕር ኤል ጀበል እየተባለ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ጦርነት በስምምነት ካበቃ በኋላ፣ በተለይም ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከኡጋንዳና ከኬንያ ብዙ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማዪቱ ጎረፈ። ከእኛ አገር የሄዱት ምግብ ቤት ከፈቱ፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠሩ፣ በግንባታ ሥራ ተሰማሩ፣ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴ መኪናዎችን ነዱ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከያዝሁት ጉዳይ ጋር የቅርብ ግንኙነት አለው።

ጁባ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ውሃ የምትገዛ ከተማ ናት። የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው ከነዋሪው ጥቂቱ ነው። የቀረው ሕዝብ ቦቴዎች ከወንዙ እየቀዱ የሚያመጡትን ውሃ በበርሜል ይገዛል፤ ለበርሜል የሚሆን ገንዘብ የሌለው ደግሞ በብስክሌታቸው ላይ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ከሚዞሩ ወጣቶች ይገዛል። ውሃው ከወንዙ ተነሥቶ ከጠጪው ከንፈር እስኪደርስ ድረስ በቦቴው ሆድ፣ በላስቲክ ቱቦ፣ ክዳን በሌለው በርሜልና ሁሉም ሰው በሚያጠልቀው ጣሳ ያልፋል። የዝናቡ ወራት በመጣ ጊዜ ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓዱን እየሞላ ያለውን ወደ መንገድ፣ ከመንገድም ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ቦቴው ተመልሶ ይቀዳል።

በአገራችን ድንገተኛ ተቅማጥና ትውከት ሲመጣ አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ብርድ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሰው ዓይን ነው ይላል። በፈረንጆችም ዘንድ ቢሆን ሕዝቡ ለዚህ ሕመም ያወጣለት ስም “የሆድ ጉንፋን” የሚል ነው፤ ከጉንፋን ጋር ግን ዝምድና የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን የሚያመጡት ቫይረስ የሚባሉ፣ በተራ ማጉሊያ መሣሪያ እንኳ የማይታዩ ረቂቅ ተውሳኮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሕፃናትን አጥብቆ የሚያጠቃውን ሮታ ቫይረስን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ፣ ሩት ቢሾፕ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አገኙት። በባክቴሪያ የሚመጡ የሆድ ሕመሞችም አሉ፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ኮሌራ ነው። መንገዳቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ከታመመው ሰው ሰገራ ወይም ትውከት ወጥተው በእጅ፣ በውሃ፣ በምግብ ወይም በዝንብ አማካይነት ወደ ጤነኛው አፍ ይገባሉ።

አንጀት በታወከ ጊዜ ሰውነት ውሃውንና ጨዉን ያጣል። ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚገድለው ይኸው ነው እንጂ ቁርጠቱ አይደለም። ቁርጠት ያስጮኻል፤ የውሃ ማለቅ ግን ድምፅ የለውም። በሽተኛው መጀመሪያ አፉ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ሽንቱ ያንሳል፣ ከዚያ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ በመጨረሻም እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ዝም ይላል። አስታማሚውም “እፎይ፣ ተኛልኝ” ብሎ ደስ ይለዋል። አበው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ስለ ወንዝ ነበር፤ አባባሉ ለዚህ ሕመምም ይስማማዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የዝናቡ ወራት ሲገባ ጁባ ከሐዘኗ ገና አልወጣችም ነበር። በ2013 መጨረሻ በተቀሰቀሰው ውጊያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢዎች ውስጥ በላስቲክ ጎጆ ተጠልሎ ይኖር ነበር። በግንቦት ወር በከተማዪቱ ኮሌራ መግባቱ ተነገረ። በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታልም የኮሌራ በሽተኞች ለብቻቸው የሚታከሙበት ስፍራ ተዘጋጀ። (ወረርሽኙ በ2015ና በ2016ም ተመልሶ መጥቷል፤ በ2024 የተነሣው ደግሞ አገሪቱ ነጻ ከወጣች ወዲህ ከታዩት ሁሉ የከፋ ሆኗል።)

በዚያ ሰሞን በአንድ ሌሊት፣ በምግብ ቤቱ ሳህን የሚያጥብ የደሴ ልጅ ታመመ። ዕድሜው ከሃያ ዓመት አይበልጥም። ከመሸ ጀምሮ ሆዱ ይሄድ፣ ያስመልሰውም ነበር። ጁባ በዚያን ጊዜ በሌሊት መኪና ይዞ የሚወጣባት ከተማ አልነበረችም፤ በየመንገዱ የታጠቀ ኃይል ይቆማል፣ ተኩስም ይሰማል። ስለዚህ እስኪነጋ ድረስ ያለን ነገር በቤት ውስጥ የሚገኘው ብቻ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ነጠላቸውን አደግድገው ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሼ የምንላቸው አረጋዊ አናጢም ሕመሙን ሰምተው ከጎን ካለው ክፍል መጡ።

“ውሃ አትስጪው” አሉ ጋሼ። “የሚያፈስ ማሰሮ ቢሞሉት አይሞላም። ፌጦውን በሎሚ አላቁጪና አቅምሽው፤ ከዚያ ሆዱ ይረፍ። ውሃውን ነገ ሲሻለው ይጠጣል።”

“ጋሼ፣ የሚያፈሰው ማሰሮ እኮ እሳት ላይ ነው” አሉ እትዬ። “ዝም ብለን ብናየው ደርቆ ይሰነጠቃል። ፌጦው ይቆየን።”

“እኛን እናቶቻችን እንዲህ አድርገው አሳድገውናል።”

“እርስዎን አሳድገዋል። የቀበሯቸውን ማን ቆጠራቸው?”

ጋሼ ዝም አሉ። ኋላ እንደ ሰማሁት ከእናታቸው ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ።

እትዬ ቀን አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ አንድ ሊትር በሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ ለኩ። ስኳር በሻይ ማንኪያ እየሰፈሩ፣ ትርፉን በቢላዋ ጀርባ እየጠረጉ፣ ልክ ስድስት ማንኪያ ጨመሩ። ጨዉን ግማሽ ማንኪያ አደረጉ። በጥብጠው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱት፤ ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ካለ ተደፍቶ እንደ ገና መዘጋጀት አለበት። ከዚያም ለልጁ ሰጡት፤ ልጁም ወዲያው አስመለሰው። ጋሼ “አላልኩሽም?” በሚል ዓይን ተመለከቱ። እትዬ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩና እንደ ገና ጀመሩ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በብርጭቆ ሳይሆን በማንኪያ፣ በየደቂቃው ጥቂት ጥቂት ነበር። እንዲህ ሲሉ አደሩ። ሲደክማቸው እኔ ተቀበልኋቸው፤ እኔ ሲያንቀላፋኝ ደግሞ ጋሼ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱ። ሊነጋጋ ሲል ልጁ “ሽንቴ መጣ” አለ። በሌላ ቀን ቢሆን የሚያስቅ ንግግር ነው፤ በዚያ ሌሊት ግን ሁላችንም ተመስገን አልን።

ጎሕ እንደ ቀደደ ወደ ሕክምናው ስፍራ ወሰድነው። ከሦስት ቀን በኋላም በእግሩ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ከግቢያችን አጥር ማዶ የምትኖር የባሪ ብሔረሰብ እናት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ ታመመባት። አያቱ ጡትም ውሃም ከልክለውት ነበር። አሳባቸው ከጋሼ አሳብ ጋር አንድ ነው፤ በአማርኛ ሳይሆን በባሪ ቋንቋ መነገሩ ብቻ ይለያል። እትዬ ጠርሙሳቸውንና ማንኪያቸውን ይዘው ሄዱ። በምልክትና እዚያው በለመዱት ጥቂት ዐረብኛ እናትዮዋን አስረዷት፤ ጡቱም እንዲቀጥል አደረጉ። ሕፃኑ ማልዶ ሐኪም ዘንድ ደረሰና ዳነ። ከዚያው መንገድ ዳር የምትኖር ሌላ ሕፃን ግን ሞተች። ወላጆቿ የሰጧት ቅጠል አልጎዳትም ይሆናል፤ ቅጠሉን ብለው ውሃውን ከለከሏት እንጂ።

እትዬ ያደረጉት ነገር እንደ ተራ የጓዳ ሥራ ቢታይም በስተጀርባው ረጅም የምርምር ታሪክ አለው። በተቅማጥ የተያዘ ሰው ባዶ ውሃ ብቻ ቢጠጣ አንጀቱ እንደሚገባ አይቀበለውም። ጨው ብቻውን ቢገባም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ስኳርና ጨው በተመጣጠነ ልክ አብረው ሲገቡ የአንጀት ግድግዳ ሁለቱን በአንድነት ያሳልፋል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ሞፈሩን እንደሚስቡት ያለ ነው። ሮበርት ክሬን የተባሉ ሳይንቲስት ይህን የስኳርና የጨው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ገልጸዋል።

ዕውቀቱ ወደ ሕዝብ የወረደው ግን በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው ከምሥራቅ ፓኪስታን በጦርነት ምክንያት የተሰደደ ሕዝብ ወደ ሕንድ ጎረፈ። ከድንበሩ አጠገብ በምትገኘው በቦንጋኦን ከተማ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት ሕንዳዊ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ መድኃኒት እያለቀባቸው ሲሄድ፣ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር፣ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው በበርሜል አስሞሉ። እየቀዱ የማጠጣቱንም ሥራ ለበሽተኞቹ ዘመዶች ሰጡ። ቀድሞ ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው መጠለያ፣ በዚህ ሕክምና የሞቱት ከ100 አራት አይሞሉም ነበር። በ1978 ላንሴት የተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት፣ ይህን ግኝት በክፍለ ዘመኑ ከተገኙት የሕክምና ግኝቶች ሁሉ ምናልባት ታላቁ ሳይሆን አይቀርም ሲል ጻፈ። ማሃላናቢስ እ.ኤ.አ. በ2022 ዐረፉ። ስማቸውን ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጦር አዛዦችን ስም በቃላችን እንይዛለን።

ባንግላዴሽ ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ ብራክ የተባለው የአገሩ የልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሴት አስተማሪዎችን በየመንደሩ እያዞረ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ ቤቶች እናቶችን ይህን አበጣበጥ አስተማረ። በብዙው ቤት የሻይ ማንኪያ ስላልነበረ ልኩን በእጅ አደረጉት፤ ለግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጨውና አንድ እፍኝ የአገር ጥቁር ስኳር ነበር። የአስተማሪዎቹ ደመወዝ አከፋፈልም ልዩ ነው። አስተማሪዪቱ ካለፈች በኋላ ሌላ ሰው ይሄድና እናቶቹን ይጠይቃል፤ ክፍያዋ የሚወሰነው እናቶቹ በሚያስታውሱት ልክ ነው። ያስተማረችው ካልተያዘ ገንዘቡ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቋጠሮው ልመለስ። የአያቶቻችንን መድኃኒት በጅምላ የሚያንቋሽሹ ሰዎች አሉ፤ በጅምላ የሚያመልኩትም አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መመዘን አለበት።

ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚያበርድ በብዙ ጥናት ተደግፏል። በፈላ ውሃ ተነክሮ፣ ቀጠን ብሎ፣ ጥቂት ስኳር ገብቶበት ቢጠጣ አዋቂን ሰው ይረዳዋል፤ ውሃም ያስገባለታል። ጤና አዳም በሻይ ወይም በቡና ላይ ጣል ተደርጎ ሲጠጣ ሆድን ያለዝባል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መዓዛው ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ተክሉ በብዛት ሲወሰድ መርዝነት ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ፌጦ ያቃጥላል፤ አስቀድሞ በቈሰለ አንጀት ላይ ለምን እንደሚጨመር አይገባኝም። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ መቅረት ያለበት ነው፤ ሽንኩርቱ ምንም አይደል፣ አረቄው ግን ከሰውነት የሚወጣውን ውሃ ይጨምራል። የተፈጨ ቡና በማር መላስም በብዙ የገጠር ቤት የተለመደ ነው። ማሩ ለትልቅ ሰው አይከፋም፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የባክቴሪያ ዘር ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነውና። ለስላሳ መጠጥ የሚሰጡም አሉ። ስኳሩ ከመጠን በላይ ስለሆነ ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስበዋል፤ ተቅማጡም ይብሳል።

አጥሚት ግን ከሁሉ የምመርጠው ነው። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት ቀጠን ብሎ፣ ትንሽ ጨው ነክቶት፣ ለብ ሲል ቢጠጣ ውሃም ጨውም ምግብም በአንድነት ይሆናል። የሩዝ ውሃም እንደዚሁ ነው። በሱዳኖች ዘንድ ከማሽላ የሚዘጋጅ ነሻ የሚባል ቀጭን መጠጥ አለ፤ የእኛን አጥሚት ይመስላል። ጎንጎሌዝ ብለው የሚጠሩትን የባኦባብ ፍሬ ነጭ ዱቄትም በውሃ በጥብጠው ለተቅማጥ ያጠጡታል። ኮምጠጥ ያለና የሚጣፍጥ ነው። አያቶቻቸው በእሱ የታመኑት ከንቱ አልነበረም፤ ሌላው ቢቀር ውሃ ያስጠጣልና። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንኳ በአፉ መራራ ሲሆንበት ባዶ ውሃ አልጠጣም ይላል፤ የሚጣፍጠውን ግን ይጠጣል።

መመገብም አይቋረጥም። “ሆዱ ይረፍ” የሚለው ምክር የበሽተኛውን አቅም ይገድላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መጥባት አለበት። ትልቁም ትውከቱ ጋብ ሲልለት እንደ ገንፎ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ሩዝ ያለ ለስላሳ ምግብ ጥቂት ጥቂት ቢበላ ቶሎ ይጠናል። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የባክቴሪያ መድኃኒት ሕመሙ ከቫይረስ ከሆነ ምንም አይጠቅምም፤ ተቅማጡን በድንገት የሚያቆመው እንክብል ደግሞ ለሕፃን አደገኛ ነው።

በቤት የሚበጠበጠው ውሃ ምትክ እንጂ የመጨረሻው ምርጫ አይደለም። በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት በከረጢት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፖታሲየምን ጭምር ስለያዘና ልኩ በፋብሪካ ስለተመጠነ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ከእሱ ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን ዚንክ እንዲወስዱ ይመክራል። በከረጢትም ሆነ በቤት የተዘጋጀው ውሃ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል፤ በአዲስ ይተካል።

ደግሞም ጓዳ የማይበቃበት ጊዜ አለ። በሰገራ ውስጥ ደም ሲታይ፣ ሰገራው የሩዝ እጣቢ መስሎ ያለማቋረጥ ሲፈስ፣ በሽተኛው የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ፣ ትኩሳቱ ሲበረታ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ሳይሸና ሲቀር፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሕፃን እያለቀሰ እንባ ሲያጣ፣ ወይም ከላይ እንዳልኩት እንቅልፍ በሚመስል ዝምታ ሲያዝ፣ ያን ጊዜ ማንኪያውን እንደያዙ፣ በመንገድም እያጠጡ፣ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። በጁባ ብዙዎች ቦዳ ቦዳ በሚባለው ሞተር ብስክሌት ላይ በሽተኛውን በሁለት ሰው መካከል አስቀምጠው ይሄዱ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ እትዬ በምግብ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና አስቀመጡ፤ ሳይታጠብ የሚገባ ደንበኛ ቢኖር ራሳቸው ወጥተው ይመልሱት ነበር። የመጠጥ ውሃው በትልቅ ብረት ድስት ይፈላል፤ ከሰል ተወደደ ተብሎ ያልፈላበት ቀን አላስታውስም። ጋሼ ለበርሜሉ የእንጨት ክዳን ሠሩለት። ስለ ፌጦው ያላቸውን አሳብ አልለወጡም፤ አሁን ግን ፌጦውን ቀምሰው በላዩ ያንን የጨውና የስኳር ውሃ ይጠጡበታል።

የጎረቤታችን የባሪ ሴትም ልጇ ከዳነ በኋላ ወደ ግቢያችን መጣች። በአንድ እጇ ጎንጎሌዝ የሞላ ላስቲክ ይዛ ነበር፤ በሌላው እጇ ጣቶቿን እያነሣች ልኩን ደገመችልን። “ሲታ” አለች ወደ ስኳሩ እያመለከተች፤ ስድስት ማለት ነው። “ኑስ” አለች ወደ ጨዉ፤ ግማሽ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ከመደርደሪያው አንድ የሻይ ማንኪያ አንሥተው ሰጧት፤ በእሷ ቤት የነበረው የወጥ ማንኪያ ብቻ ነበርና። በወሩ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ ሳደርግ አንድ ማንኪያ መጉደሉን ነገርኋቸው።

“ለጎረቤት ተሰጠ ብለህ ጻፈው” አሉኝ።